በመጋረጃ ቀለበት የተንጠለጠለው ቱቦ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ተቀምጬ ስሠራ፣ ምንጣፉን በቫኪዩም የምታጸዳው ልጅ ቱቦውን ስትጎትት ቁርጭምጭሚቴን ነካ አድርጎኝ አለፈ። ሽንሽን ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በነካኝ ቅጽበት ጠቅ አድርጎ ነዘረኝ፤ የእግሬ ፀጉር ቆመ። ልጅቷ "ውይ፣ ይቅርታ እህቴ" ብላ ቱቦውን ሰበሰበች። ምንም አይደለም አልኳት። እጄ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ያችን ንዝረት አውቃታለሁ። ይገርምሻል፣ በወጣትነቴ ከሁሉ አብልጬ ያሰብኩት ስለ ቱቦ ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

የቃሊቲው ቀላል ባቡር ሐዲድ ገና እየተዘረጋ ነበር፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ከቴክኒክና ሙያ በእንጨት ሥራ የተመረቅን አምስት ልጆች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን አቃቂ በሰቃ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጠን። ከአምስታችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሲያልፉ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው የፀሐይ ጨረርም አብሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ዲፕሎማ ነበረን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክረምት ሲገባ የማይጣመም በር መሥራት የሚችል ከመካከላችን አልነበረም።

ለዚህ ነው ጋሼን የለመንናቸው። ጋሼ ከፋብሪካ የእንጨት ክፍል ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ፤ አጭር ሰው፣ መዳፋቸው ግን እንደ መጥበሻ ሰፊ። እምቢ ይላሉ ብለን ፈርተን ነበር። በማግስቱ ጠዋት የራሳቸውን መላጊያ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

እንጨት ሲያለሰልሱ ያወራሉ። የሚያወሩት ስለሠሯቸው ዕቃዎች ነው፤ እንደ ሰው ነው የሚያወሯቸው። ለሚስትየዋ ብቻ የሚከፈት፣ ባልየው ሲጎትተው ግን እምቢ የሚል ቁም ሳጥን ነበር አሉ። ቤተሰቡ ጠበል ሊያስረጭበት አሰበ። ጋሼ ሄደው ቢያዩት ሚስትየዋ ግራኝ ናት፤ በሩን ስትስብ ሳታውቀው ወደ ላይ ታነሳዋለች። "ዕቃ ክፉ የለውም፣ አያያዝ ነው" ይላሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ለመስማት ወደ ባንኮው፣ ወደ ትልቁ የሥራ ጠረጴዛችን፣ ጠጋ ማለት ነበረብን። እኔ ሁልጊዜ እጠጋ ነበር።

ከተጠጋሁ ደግሞ ሳላቸውን እሰማለሁ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ በኋላ ወሬያቸውን መሃል ላይ የሚቆርጥ ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመለሱ እየሳቁ ነገሩን። "ሐኪሙ ልጅ ነው። 'አባባ፣ ከእንግዲህ ከአቧራ ይራቁ' አለኝ። ከአቧራ ርቄ የት ልሂድ?" ሌሎቹም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ቀና ብዬ በጣሪያው ቀዳዳ የገባውን ጨረር አየሁ። የማለስለሻ ማሽኑ ሲሠራ ጨረሩ ወፍሮ ነጭ ምሰሶ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ ይመስላል። ይህን ሁሉ ነው የምንተነፍሰው ማለት ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ቀን በኋላ ጨረሩን ሳላየው የዋልኩበት ቀን የለም።

ቫኪዩሙን ያገኘሁት አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ አንድ የወሎ ሰው ዘንድ ነው። ሱቃቸው ውስጥ መደርደሪያ ስገጥምላቸው በርሜል መስሎኝ የነበረው ነገር ቱቦ እንዳለው አየሁ። በመደርደሪያው ዋጋ ምትክ እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ የምንጣፍ ነው። ሼዱ ውስጥ ምንጣፍ አላችሁ እንዴ?" አሉኝ።

"የለንም፣ አቧራ ነው ያለን።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ተሸክሜው እንድሄድ ፈቀዱልኝ።

የቱቦውን አፍ በፕላስተር ከማለስለሻው ማሽን ጋር አሰርኩት። ሠራ። ግን መከራችን የጀመረው ያኔ ነው። ባንኮው አንድ፣ ሶኬቱ አንድ፤ ማለስለሻው፣ መሰርሰሪያው፣ መጋዙ፣ አሁን ደግሞ ቫኪዩሙ። ገመዶቹ መሬት ላይ ተጠላልፈው ይውላሉ፤ ቱቦው በላያቸው ይጎተታል። አንዱን ስትስቢ ሌላው ይነቀላል። ቱቦው አዲስ የተቀባ ሳንቃ ላይ ያልፍና ቫርኒሹን ይዞ ይሄዳል። ሊቀመንበራችን፣ ከአምስታችን ቁጡው ልጅ፣ ተጠልፎ ሙሉ የእንጨት ማጣበቂያ ጣሳ ሱሪው ላይ ደፋ። ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ወደቁ። የበር ፍሬም ከፊት ሊቀመንበሩ፣ ከኋላ እሳቸው ይዘው ባንኮውን ሲዞሩ ቱቦው እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። ፍሬሙን ላለመጣል ብለው በእጃቸው አረፉ። ሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን አንጓ እያሹ፣ "ይሄ እባብ ከአቧራው ቀድሞ ይገድለኛል" አሉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አንጓቸው ግን ዓይናችን እያየ አበጠ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ ነበር የተናገረው። "ነገ ስመጣ ይሄን ማሽን እዚህ ባላየው ደስ ይለኛል።"

ጋሼ ለሳምንት ከቤት ዋሉ፤ ከአንድ ትምህርት ቤት የታዘዝነው የመደርደሪያ ሥራም ቆመ። ማሽኑን አላወጣሁትም፤ ጥግ ወስጄ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት። ከዚያ ጠመኔ ይዤ ወለሉ ላይ መሣል ጀመርኩ፤ ማን በየት እንደሚያልፍ፣ ገመዱ በየት እንደሚዘረጋ፣ ቱቦው የት ድረስ እንደሚደርስ። ልጆቹ አበደች ሳይሉ አልቀሩም። መስመሮቹ በየዙሩ የሚገናኙት እዚያው የባንኮው ማዕዘን ላይ ነበር። ቱቦውን በባንኮው ሥር ባሳልፈው? እግር አለ። በግድግዳው ባዞረው? አይደርስም። ሰው የማይሄድበት ቦታ ፈለግሁ፤ ወለሉ ላይ አጣሁ።

አንድ ምሽት ቤት ተቀምጬ ሳለ እናቴ መኝታውን ከሳሎን የሚከፍለውን መጋረጃ ሳበችው። ቀለበቶቹ በሽቦው ላይ ሽው ብለው ሄዱ። መልሳ ከፈተችው፤ ሽው ብለው ተመለሱ።

"እማዬ፣ እስቲ ድገሚው።"

"ምኑን?"

"መጋረጃውን።"

ያተኮሰኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ጠዋት ቀለበቶቹን ፈትቼ መውሰዴን ስትሰማ ግን ለትኩሳት መድኃኒት አልፈለገችም፤ "አባትሽ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው፤ በምን ልጋርደው?" ብላ ተቆጣች። ለአንድ ሳምንት ነው አልኳት። ያ መጋረጃ በሲባጎ ታስሮ ስንት ዓመት እንደኖረ እሷ ትንገርሽ።

ከምሰሶ ምሰሶ፣ ከባንኮው በላይ፣ የብረት ሽቦ ወጠርኩ። ቱቦውን በቀለበቶቹ ሰቀልኩት። የመጀመሪያው ቀን ሽቦው ረገበና ቱቦው እንደ አህያ ሆድ ተንጠልጥሎ የሊቀመንበሩን ራስ መታ። ደግነቱ እሱም ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበርና ሳይቆጣ መሰላል ላይ ወጣ፤ ሽቦውን በብረት ዘንግ እያሾረ አጠበቀው። ገመዶቹን ከቱቦው ጋር አስጠግቼ ከአሮጌ የባጃጅ ካላማዳሪ በቆረጥኩት ጎማ አሰርኳቸው፤ ሁሉም አብረው እንዲሄዱ፣ አብረው እንዲመለሱ። ወለሉ ባዶ ሆነ። ጠረግነው። የሼዱ ወለል ሲሚንቶ መሆኑን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ አንጓቸውን በሻሽ አስረው ተመለሱ። ወደ ጣሪያው አንጋጠው ብዙ አዩ። ከዚያ ማለስለሻውን አስነስተው ሲሠሩ ቆዩና ቱቦውን ገፋ ሊያደርጉት እጃቸውን ሲሰዱ ነዘራቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይናከሳል" አሉ። እኔም ነካሁት፤ ጠቅ አደረገኝ፤ የክንዴ ፀጉር ሁሉ ወደ ቱቦው ተነሣ። ልጆቹ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው ብለው ስፒናውን ነቀሉ።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ለምን አይገድልም? ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። የተመረቅንበት ትምህርት ቤት ሄጄ የኤሌክትሪክ መምህሩን ጠየቅኋቸው። ደረቅ ሰጋቱራ በፕላስቲክ ውስጥ እየተፋተገ ሲሮጥ የሚፈጥረው ነው አሉኝ፤ መውጫ ስላጣ ነው ሰው ላይ የሚወጣው። ልባሱን የገፈፍኩትን የመዳብ ሽቦ በቱቦው ላይ ዙሪያውን ጠመጠምኩና ጫፉን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አገናኘሁት። ጋሼ የጋለ ድስት እንደሚሞክር ሰው በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። እንደገና ነኩት። ከዚያ በሙሉ መዳፋቸው ያዙት።

"ጥርሱ ወልቋል" አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት ቀና ብዬ ጨረሩን ፈለግሁት። ፀሐይዋ አለች፤ ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን አርፏል። መሃል ላይ ግን ምሰሶው የለም። አየሩ ጠርቶ ጨረሩ ራሱ አይታይም። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ምን እንዳሳየኋቸው ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገባቸው እጃቸውን ብርሃኑ ውስጥ አስገብተው አገላበጡት።

ሳላቸው ቀነሰ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በወሩ መጨረሻ ሙሉ ቀን ቆመው መሥራት ቻሉ። የትምህርት ቤቱ መደርደሪያም አለቀ፤ እስከ ዛሬ አልተጣመመም ይባላል።

ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ቫኪዩሙ ይጮኻል። እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው። ጋሼ እንደ ልማዳቸው እየሠሩ ያወራሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ማንም አይሰማም። ቀስ በቀስ እሳቸውም ተዉት። በእጅ ምልክት መግባባት ለመድን። ትንፋሻቸውን ያተረፍኩላቸው ወሬያቸውን ወስጄ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የሚያወሩት መብራት ሲጠፋ ብቻ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ በአቃቂ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ የክረምት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ጣሪያው ላይ ካፊያ ይሰማል፤ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ አለ። ባንኮው ላይ ተቀምጬ፣ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ ለራስዎ ያስቀሩት ዕቃ አለ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

መዳፋቸውን ያዩ ጀመር። "አንድ አለ" አሉ በመጨረሻ። "ለማንም አላሳየሁትም። የሠራሁት..."

መብራት መጣ። ሳናጠፋው የተውነው ቫኪዩም ጮኸ። ጋሼ ግን አላቆሙም። ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነበር፤ ያወራሉ። ስፒናው ከእኔ ሁለት እርምጃ ነው። ብነሣ፣ ብነቅለው... ግን ፊታቸውን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከተንቀሳቀስኩ የሚያቆሙ መሰለኝ። በሁለት መዳፋቸው ልኩን አሳዩኝ፤ አንድ ክንድ የማይሞላ። በጣታቸው ክዳን የመሰለ ነገር ከፍተው ዘጉ። ጨርሰው ቀና ሲሉ እኔ እንደ ሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ነቀነቁና ማለስለሻውን አነሡ።

ነገ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። አልሰማሁም ነበር ማለት አፈርኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ሼዱ የተሰጠን የጊዜ ገደብ አብቅቶ ተበታተንን፤ ጋሼ ናዝሬት ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀል ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጥኩና አባቷ ለራሳቸው የሠሩት ትንሽ የእንጨት ዕቃ እንደነበር ጠየቅኋት።

"አባባ ለቤቱ ምንም ሠርቶ አያውቅም" አለችኝ። "ወንበራችን እንኳ የተገዛ ነው።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ምን ያህላል?" አለች።

እንዳሳዩኝ አድርጌ አሳየኋት። በሁለቱ መዳፎቼ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ትኩር ብላ አየችው። እጄን ለማውረድ አልቻልኩም፤ እሷ ዓይኗን እስክታነሣ ድረስ እንደያዝኩት ቆየሁ።