ተወልውላ የተበላሸችው ቀለበት

የአባቴን ሞተር ሳይክል የማያውቅ አቃቂ ውስጥ ዶሮ እንኳ አልነበረም። ጣሊያኖች ትተዋት የሄዱ፣ ቀለሟ ድሮ ምን እንደ ነበረ የማይታወቅ፣ ልትነሳ ስትል ሦስቴ አስነጥሳ በአራተኛው የምትጮህ አሮጊት ነበረች። እኔ ባቡር ጣቢያው ትኬት መሸጫ ውስጥ ተቀምጬ ድምጿን ስሰማ አባባ ከፋብሪካው ክሊኒክ መውጣቱን አውቅ ነበር። አባባ ድሬሰር ነው። ቀን የሠራተኛ ቁስል ሲያጥብ ይውላል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን መርፌውን በቆርቆሮ ሳጥን ይዞ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከወንዙ ማዶ በገላን በኩል ወዳሉት የገበሬ መንደሮች ይሄዳል።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ሞተሯ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አባባ ገፍቶ አመጣትና ግቢያችን ውስጥ ፈታታት፤ ከሆዷም አንዲት የተበላች የነሐስ ቀለበት አወጣ። ፒስተኑን ከሚገፋው ክንድ ጫፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከእናቴ የጋብቻ ቀለበት እምብዛም የማትበልጥ ነገር ናት። እሷ ከሌለች የቀረው ሁሉ ዝም ብሎ ብረት ነው።

ነገሩ በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ሳንባዋን የታመመች፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። ለሁለት ወር በየቀኑ መወጋት አለባት፤ ካቋረጠች በሽታው ተመልሶ ይጥላታል። አባባ ገና ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነበር። ሞተሯ ደህና ሳለች ሴትየዋ ድምጿን ከሩቅ ሰምታ መርፌው የሚቀቀልበትን ውሃ ትጥዳለች፤ እሱ ሲደርስ ውሃው ይፈላል፤ ወግቶ ሳይመሽ ይመለሳል። በእግር ሲሆን ግን መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ደርሶም እሳት እስኪቀጣጠል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጉልበቱ ደግሞ ድሮም የታመመ ነው። በሳምንቱ አብጦ ሱሪው አልገባ አለ። «ነገ እንዴት ልትሄድ ነው?» ስለው «የነገን ነገ እናያለን» ይለኛል። በዚህ መልሱ እበግናለሁ።

ስለዚህ ቀለበቷን የመፈለጉን ሥራ እኔ ወሰድኩ። የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ መርካቶ፣ የመለዋወጫ ሻጮቹ ሰፈር ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ያልሳቀብኝ የለም። አንዱ «እህቴ፣ ይቺን የሠራት ፋብሪካ ራሱ አርጅቶ ሞቷል» አለኝ። ሌላው ባልሽን ላኪው አለኝ፤ ባል እንደሌለኝ ስነግረው የባሰ ሳቀ። ደሜ ፈልቶ ወደ አውቶቡሱ ስመለስ ጥግ ላይ ያለ አንድ ባለሱቅ ጠራኝ። ቀለበቷን በጣቶቹ መሃል አገላብጦ አየና መሳቢያውን ከፈተ። መሳቢያው በቀለበት ሞልቷል።

«የምትመስላት ልሸጥልሽ እችላለሁ» አለ። «ግን ትመስላታለች እንጂ እሷ አይደለችም። አባትሽን በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ትጥላቸዋለች። ይልቅ ድሬዳዋ ላኪያት።»

ድሬዳዋ፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ የጨረሱ፣ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ፣ የተከሉ ሽማግሌ እንዳሉ ነገረኝ። ናሙና ካዩ ቀርጸው የማያወጡት ብረት የለም አለኝ። እጁ የገባውን ገበያ ትቶ መሳቢያውን መልሶ የዘጋውን ያንን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ናሙና መላክ እኛ የባቡር ሰዎች የለመድነው ሥራ ነው። የተበላው ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ይሰጣል፤ እሱ አድርሶ አዲሱን ይዞ ይመለሳል። መልእክቱንም የሚጽፍ የለም፤ ተቆጣጣሪው በአፉ ይዞት ይሄዳል።

የእኔ ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቷ በዘይት የጠቆረች፣ የተቃጠለ ቅባት የደረቀባት ነበረች። ለማያውቁኝ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ቆሻሻ መላክ ነውር መሰለኝ። እናቴ የጎረቤት ሰሃን እንኳ ሳታጥብ የማትመልስ ሴት ናት። ከሥራ መልስ ቀለበቷን በጋዝ አጠብኳት፤ አልለቅ ያለኝን በብርጭቆ ወረቀት ከውጭም ከውስጥም ፈተግኩት። ነሐሱ ወርቅ መሰለ። በሥራዬ ኮርቼ በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ ላክኋት።

በአምስተኛው ቀን አዲሷ መጣች። ስታምር! አባባ የሞተሯ ክንድ ውስጥ ሲከታት ግን በሌላ በኩል ወጥታ መዳፉ ላይ ጠብ አለች። ደግሞ ከተታት፤ ደግሞ ወጣች። ከዘራውን አንስቶ እያነከሰ ወደ ወንዙ ሄደ። ያን ቀን ለሽማግሌው ያላወረድኩት የእርግማን ዓይነት የለም።

ተቆጣጣሪውን በማግስቱ ሳገኘው «እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ» አልኩት። አንገቱን አከከ።

«ኧረ ዓይናቸው ደህና ነው» አለ። «ናሙናዋን ገና እንዳዩ ‹ይቺ ተፈትጋለች፤ ልኳ ጠፍቷል› ብለዋል።»

«ታዲያ ለምን ሠሩ?»

«‹ሰው እንዲህ አስውቦ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ልኮልኝ፣ አበላሽተኸዋል ብዬ እንዴት እመልሳለሁ?› አሉ። በተላከላቸው ልክ ሠሩ። አትንገራቸው ብለውኝም ነበር።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እኔ በይሉኝታ ልኳን ፍቄ አጠፋሁ፤ እሳቸው በይሉኝታ እንደማትሆን እያወቁ ሠሩ። መሃል ላይ የተጎዳው የአባባ ጉልበት ነው። ሄጄ ተናዘዝኩለት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር።

አሁን የቀረው ልኩ ከእሱ እንዲወሰድ የሞተሯን ክንድ ራሱን መላክ ነው። እሱ መንገድ ላይ ከጠፋ ሞተሯ አበቃላት። አባባ ይህን ፈርቶ ሁለት ቀን አቅማማ። በሦስተኛው ቀን ከመንደር ሲመለስ ለዕረፍት የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ መነሳት አቃተው፤ ሰዎች ደግፈው አመጡት። አንድ ገበሬ በቅሎውን አዋሰው፤ ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለራሱ መንገድ ይፈልጋታል። አባባ ክንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና «እንዳለ!» አለኝ። ቅባቱ ቀሚሴን ሲያበላሸው እያየሁ አልነካሁትም። ከክንዱ ጋር የላክሁት ቃል ይህ ነበር፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቀየሙኝም ይቆጡኝም፣ ግን በግልጽ ይንገሩኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክንዱ ቀለበቷን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ብልህ እጅ አይቻለሁ፤ የዚያን ያህል ያስደነቀኝ ግን የለም። ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ ባሳልፈው ነሐሱ የት አልቆ ብረቱ የት እንደሚጀምር አልለይ አለኝ። አንድ ሰው፣ ሞተሯን አይቷት ሳያውቅ፣ እኛንም ሳያውቀን፣ እዚያ ድሬዳዋ ተቀምጦ ይህን ሠራ። መልእክታቸውንም በለመንኩት መሠረት በግልጽ ልከውልኛል፦ «ልጄ፣ ለእኔ ቆሻሻው ነው ደብዳቤው። ዳግመኛ ደብዳቤ አትጠቢ።»

እሑድ አባባ ገጣጥሟት ዋለ። አሥር ሰዓት ላይ ረገጣት። ሦስቴ አስነጠሰች፤ በአራተኛው ጮኸች። እኔም ከኋላው ተፈናጥጬ ሄድኩ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጨርስ ከሴትየዋ ቤት ጣራ ጭስ ሲነሳ አየሁ። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከስታለች፤ ግን ቆማለች።

«ሐኪም፣ ውሃው ፈልቷል» አለች። «ድምጿን ስሰማ ጊዜ ጣድኩ።»

አባባ መርፌውን ውሃው ውስጥ ሲያስገባ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ በጭሱ አሳብቤ ዓይኔን ጠረግኩ። ሴትየዋ አንድም ቀን ሳይጎድልባት መርፌዋን ጨረሰች።

በዚያ እሑድ ማግስት ግን መርፌዋን እንደምትጨርስ ገና አላውቅም ነበር። ተቆጣጣሪው መስኮቴ ላይ መጥቶ «ለሽማግሌው ምን ልበልልሽ?» አለኝ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ምርቃትና ምስጋና ሁሉ ተውኩት።

«ስንደርስ ውሃው ፈልቶ ጠበቀን በልልኝ።»

«ይኸው ብቻ? ኧረ ትንሽ ላሳምርልሽ!»

«እንዳታሳምር» አልኩት። «እንዳለ አድርስልኝ።»