አጎቴና የበረዶው ጫማ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መገባደጃ፣ ሄግ የምሠራበት ቢሮ ያሉት ልጆች ለክረምት ዕረፍት ኦስትሪያ ሊሄዱ ሲነሡ እኔንም «ነዪ» አሉኝ። ስኖውቦርድ የሚባለው፣ ሁለት እግርን አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ጣውላ፣ ገና ብቅ ማለቱ ነበር። ከዚህ ጉዞ ብቀር ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ችግሩ፣ የምኖረው ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ነው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ እንኳን ኦስትሪያ አጠገባችን ያለችው ዴልፍት ከተማም አይታደርም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ልብ በሉ!

ስጠይቃቸው እሺም እምቢም አላሉም። «መጀመሪያ ዕቃውን ልየው» አሉ። አጎቴ ከበረዶ ጋር ያላቸው ትውውቅ፣ አንዴ ትራም ሲጠብቁ አንሸራቷቸው በቂጣቸው መቀመጣቸው ብቻ ነው። ግን የማያውቁት ነገር የለማ! መኪና የላቸውም፣ ስለ ሞተር ይመክራሉ፤ አግብተው አያውቁም፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ።

ቅዳሜ ከረባታቸውን አስረው አምስተርዳም የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ፀጉሩን ትከሻው ላይ የለቀቀ ሰውዬ ነው። ጣውላው ላይ የሚታሰረውን ጫማ አጠለቀልኝና ጉልበትሽን እጠፊ አለኝ፤ ተረከዜ ከተነሣ ሰፍቶኛል ማለት ነው። «ሁለት ቁጥር ጨምርላት» አሉ አጎቴ በሆላንድኛ፣ «የሱፍ ካልሲ ትደርብበታለች።» ሰውዬው ሰፊ ጫማ ቁርጭምጭሚት ያስሰብራል ብሎ ቢያስረዳቸው፣ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል» አሉኝ። ፈቃዳቸው ገና በእጄ አልገባምና «ልክ ነዎት ጋሼ» አልኩ።

ቀጥሎ ሻጩ የትኛው እግርሽ ይቀድማል አለኝ። እንጃ አልኩ። ለካስ ማወቂያው ሰውን ሳያስበው ከኋላ ገፋ ማድረግ ነው፤ ሲንገዳገድ ቶሎ የሚዘረጋው እግር ጣውላው ላይ ከፊት ይሆናል። ሰውዬው ይህን ሳይነግረን ከኋላዬ መጥቶ ገፋኝ። ወይ ጉድ! አጎቴ ኮሌታውን ጨምድደው ያዙት። «የሰው ልጅ ትገፋለህ?» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እንደምንም ገላገልኳቸው። ሻጩ ነገሩን አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን በግርግሩ የዘረጋሁትን እግር ማንም አላየውም፣ እንደገና መገፋት አለብኝ። እሳቸው እቴ ሊያስነኩኝ! «ደማችን አንድ ነው፣ በእኔ ሞክረው» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። በልካቸው አንድ ጫማ አምጥቶ አጠለቀላቸው። መግፋቱን ግን ፈራ፤ ኮሌታው ገና አልተቃናም።

«እንግዲያው አንቺ ግፊኝ» አሉኝ።

ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር! ለወጉ ያህል «ኧረ ነውር ነው ጋሼ» አልኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋኋቸው። ተስፈንጥረው በቀኝ እግራቸው ቆሙ። አልወደቁም። መስታወቱ ፊት ሄደው ራሳቸውን አዩ፤ ጉልበታቸውን እጥፍ ዘርጋ አደረጉ፤ ፈገግ አሉ። «እኛ ቀኝ ነን» ብለው አወጁ፤ የእኔም ጣውላ በዚያው እንዲዘጋጅ ታዘዘ።

«ታዲያ ልሂድ ጋሼ?» አልኩ።

«እንዴታ! ትሄጃለሽ እንጂ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ደስታው ዓይኔን በእንባ ሞላው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

ሻጩም ጫማውን ሊያወልቅላቸው ጎንበስ ሲል እግራቸውን ሰበሰቡ። «ተወው፣ እስከ ባቡር ጣቢያ እያላመድኩት ልሂድ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ለጓደኞችሽ፣ ሁለት አልጋ ያዙልን በያቸው።»