የሃሊሞ ቋጠሮዎች

ወይንሸት፣ ሃሊሞን አውቃታለሁ ብላ አፏን ሞልታ አትናገርም። ያየቻት አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ግማሽ ፊቷን በማስክ ሸፍና፣ ሁለት ሜትር ርቃ። ዕድሜዋን እንኳ መዝገቡ ላይ የጻፈችው በግምት ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ የሃሊሞ ስም በተነሳ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰች ይመስል።

ነገሩ የሆነው በ2012 ግንቦት ላይ ነው። ኮሮና የድሬዳዋን መግቢያ መውጫ ዘግቶ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን አሰናብቶ ለይቶ ማቆያ ሆኖ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ስትመዘግብ የኖረችው ወይንሸት ያን ሰሞን ከጅቡቲ የሚመለሱትን ትመዘግብ ጀመር። ወደብ ላይ ሲሸከሙ፣ ሲሚንቶ ሲያቦኩ፣ የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሥራው ሲቆም አከራይ በር ቆለፈባቸው። ስልካቸውን ሸጠው በሉ። የሚሸጥ ሲጠፋ በእግራቸው ወጡ። በዚያ ሐሩር አምስት ቀን ተጉዘው ደወሌ ድንበር ደረሱ፤ ከዚያ በመኪና ተጭነው መጡ። ከጅቡቲው ባልባላ ሰፈር ሲነሱ አርባ ሦስት ነበሩ፤ ሲደርሱ አርባ። የጎደሉትን ሦስቱን ማንም በስም አልጠራም።

ሃሊሞ ከአርባዎቹ አንዷ ናት። የቢዮ አዋሌ ሴት ስትሆን ባልባላ ውስጥ ለወደብ ሠራተኞች ምግብ እያበሰለች አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ ወይንሸት ስሟንና አድራሻዋን ጻፈችና "የያዝሽው ዕቃ?" ብላ ጠየቀቻት።

"የአሥራ ሰባት ሰው አማና አለኝ፤ ጻፊ።"

ወይንሸት ሻንጣ ፈለገች። ወለሉ ላይ ያለው አንድ ባዶ ጀሪካን ብቻ ነው።

"የታለ?"

ሃሊሞ የሻርፗን ጫፍ አነሳች። በአንዱ ጠርዝ አሥራ ስድስት ትንንሽ ቋጠሮ ተደርድሯል። በሌላኛው ጠርዝ አንዲት ቋጠሮ ብቻዋን አለች።

ዘበኛው ሙመድ ከበሩ ላይ ሳቁን ለቀቀው። "አቦ ሃሊሞ! ሰው ከጅቡቲ ሽቶ ያመጣል፤ አንቺ ቋጠሮ?"

"ላንተማ ሽቶ አይበቃህም፤ በርሜል ውሃ ነው የሚያስፈልግህ።"

እያንዳንዱ ቋጠሮ የአንድ ሰው ቃል ነው። መራመድ ያቃታቸው፣ ወይም ቀጣሪያቸው ግቢ ውስጥ የቆለፈባቸው ሰዎች ለቤታቸው በአማና፣ በአደራ የላኩት ቃል። ሃሊሞ ፊደል አልቆጠረችም። እናቷ ግን ከቢዮ አዋሌ ወደ ከተማ ወተት ስታመላልስ የገጠሩን ቃል ለከተማው፣ የከተማውን ለገጠሩ ታደርስ ነበር፤ ስትቀበል ትቋጥራለች፣ ስታስረክብ ትፈታለች። ልጅቷም ይህንኑ ይዛ አደገች።

"አሥራ ስድስቱን ባልባላ ቁጭ ብዬ ነው የቋጠርኳቸው፣ ከመነሳታችን በፊት" አለች።

"ይቺኛዋስ?"

"ይቺ ለብቻዋ ናት።"

ወይንሸት "የያዘችው ዕቃ" በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ባዶውን ተወችው።

ጠዋት ጠዋት ሃሊሞ ከሰላት በኋላ የክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዎቿን አንድ በአንድ እየነካች ቃላቸውን ትደግማለች። የሶማሌውን በሶማሊኛ፣ የኦሮሞውን በኦሮምኛ፣ የአማራውን በአማርኛ። ወይንሸት መጀመሪያ ጸሎት መስሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቆማ አዳመጠች። ድምፁ እየተለዋወጠ ነው! አንዱ ጋ ሃሊሞ ትንተባተባለች፤ ሌላው ጋ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ወይንሸት ባለ አራት መቶ ገጽ መዝገብ አላት፤ አንድም ቀን ግን ከውስጡ የሰው ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ቤተሰቦች ወሬ ሰምተው ወደ አጥሩ መምጣት ጀመሩ። ሃሊሞ ከወዲህ ቆማ ከፍ ባለ ድምፅ ታስረክባቸውና ቋጠሮውን ትፈታለች። ሩቅ ላሉት በወይንሸት ስልክ ተናገረች። እነሱ መምጣት በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ከመጡት መካከል አቶ ክፍሉ ነበሩ፤ ከወይንሸት አባት ጋር ምድር ባቡር የሠሩ ጡረተኛ። ልጃቸው ዳጊ ጅቡቲ ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ስልኩ አልሠራም።

"የኔን ልጅ ታውቂዋለሽ? ዳጊ ክፍሉን?"

ሃሊሞ ብቻዋን ያለችውን ቋጠሮ በእጇ ያዘች። ድሬ ለሽማግሌም አንተ ነው የሚባለው፤ እሷም "አንተ ነህ ክፍሉ? አማናህ አለኝ" አለች።

"አምጪዋ!"

"በአጥር አልሰጥም። 'ፊት ለፊት ስጪልኝ፣ ሰው እየሰማ በጩኸት አይሁን' ብሎኛል። ስወጣ ትወስዳለህ።"

አቶ ክፍሉ አጥሩን ለቀቁ። ከዚያ "ይሁን። ባቡር ስጠብቅ ነው የኖርኩት" አሉና መንገዱን ተሻግረው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ እዚያው ነበሩ።

በዘጠነኛው ቀን ሃሊሞን ትኩሳት ያዛት። ብርድ ልብስ ተደራርቦባትም ትንቀጠቀጣለች። ነርሶቹ ናሙና ወስደው ለብቻዋ አስቀመጧት። ሙመድ እንኳ ቀልዱን ተወ። ያልተፈቱ ስምንት ቋጠሮዎች ቀርተዋል፤ የአቶ ክፍሉ አንዷ ናት። ወይንሸት ወንበር ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች።

"ሃሊሞ፣ ልጻፈው። አንድ ነገር ቢያጋጥምሽስ?"

"ብትሞቺስ በይ እንጂ፤ ምን ያስፈራሻል?"

ወይንሸት መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

"እሺ ጻፊ፣ ወይንዬ።"

ጻፈች። ከዚያ አነበበችላት። "ሳላሀዲን ለሚስቱ ለኹርሲ። ከተቸገርሽ አልጋውን ሽጪ፤ እኔ መሬት ላይ መተኛት ለምጃለሁ። የስፌት መኪናዋን ግን እንዳትነኪ።"

"ደረቋ የታለች?"

"የቷ?"

"መጨረሻ ላይ 'አንቺ ደረቅ' ብሏል።"

"ስድብ ነው ብዬ ተውኩት።"

ሃሊሞ ከፍራሹ ላይ በክርኗ ተነሳች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። "አንቺ ደረቅ ካላላት እሱ መሆኑን ኹርሲ በምን ታውቃለች? ሰውዬውን እኮ ቆርጠሽ ጣልሽው!"

ወይንሸት አፈረች። ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን ስም መስመሩ አይበቃም ብላ እንዳሳጠረች ታወሳት። "አንቺ ደረቅ" የሚለውን በጉልህ ጨመረች። ሰባቱንም እንዲሁ፣ እስከ ሳላቸውና እስከ ሳቃቸው፣ ጽፋ ጨረሰች።

"የጋሽ ክፍሉስ?"

"ያቺ አትጻፍም።"

"ሽማግሌ ናቸው ሃሊሞ። በአላህ ይዤሻለሁ።"

"በእሱ ይዘሽኝማ እንዴት አጎድላለሁ? ፊት ለፊት ነው የተባልኩት። ወረቀት ፊት የለውም።"

ሁለት ቀን በትኩሳት ስትቃጠል እጇ ያንን ጠርዝ አልለቀቀም። ሌላ ሌላውን ትዘባርቃለች፤ የሙመድን ስም ረሳች፤ ወይንሸትን በእናቷ ስም ጠራቻት። ከንፈሯ ግን በየመሃሉ አንድ ነገር ይደግማል፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማው። ወይንሸት በመስኮቱ ወዲህ ሃሊሞን፣ ወዲያ ደግሞ ከኒሙ ሥር ያሉትን ሽማግሌ ታያለች። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው የአንዲት የታመመች ሴት ትንፋሽ ብቻ ነው።

ውጤቱ መጣ። ኮሮና አይደለም፤ የድሬ ወባ ናት። መድኃኒቷን ወሰደች፤ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ሩዝ አስጨመረች። ሙመድ "ወባም እንደኔ በምላስሽ ተባረረች" አላት።

በአሥራ አራተኛው ቀን የአንዱ ጠርዝ ቋጠሮዎች ተፈትተው አልቀዋል፤ የቀረው ጭምድድ ያለ ጨርቅ ነው። አቶ ክፍሉ ሱሪያቸውን ተኩሰው በሩ ሳይከፈት ደርሰዋል። ሃሊሞ ወጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ቋጠሮዋ ከመጥበቋ የተነሳ በጣቷ አልፈታ አለች፤ ማስኳን ዝቅ አድርጋ በጥርሷ ፈታቻት። ከዚያ ተናገረች።

ዳጊን ዘጠነኛ ክፍል የመዘገበችው ወይንሸት ናት። ችኩል፣ የቃል መጨረሻ የሚውጥ ልጅ ነበር። አሁን ከሃሊሞ አፍ የወጣው ያ ድምፅ ነው።

"አባዬ፣ ቀይ እጀታ ያላትን ፒንሳህን ሰው አልሰረቀህም። ጋሽ ሊበንን በከንቱ ነው ያኮረፍከው። እኔ ነኝ። የተቆጣኸኝ ቀን ወስጄ ጊሽጣው ሥር ቀበርኳት። ቆፍረህ አውጣት። መዛጓ አይቀርም፤ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፋት። ሊበንን ታረቀው። በቃ፣ ይኸው ነው።"

አቶ ክፍሉ ሳቁ። "ስምንት ዓመት! ሊበንን ስምንት ዓመት ሰላም ሳልለው!" ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቆመ። ሰው ቀብሮ የያዘውን ነገር በምን ቀን ነው አውጥቶ የሚናገረው? ይህን ወይንሸት አሰበች፤ እሳቸውም ሳያስቡት አልቀሩም። ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

"ናፍጣውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "አማናሽን አድርሰሻል፣ ልጄ።" ዶማ እንደሚፈልግ ሰው ቸኩለው ሄዱ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ወይንሸት ታጥፈው እስኪሰወሩ አየቻቸው። ሰው መጠየቅ የምትፈራ ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን ፍርሃቷን ዋጠችው።

"ሃሊሞ፣ አሥራ ስድስቱን ባልባላ ቋጠርኩ ብለሽኛል። ይቺኛዋን የት ነው የቋጠርሻት? መንገድ ላይ?"

ሃሊሞ ባዶውን ጠርዝ በመዳፏ እያሻሸች የቋጠሮውን ጭምድድ ለማስተካከል ሞከረች፤ ምልክቱ ግን አልጠፋም። ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጀሪካኗን አነሳች።

"ባጃጅ ጥሪልኝ፣ ወይንዬ" አለች። "ፀሐዩ ሳይበረታ ልግባ።"