ቪታሚን ያልነው ቢጫ ዱቄት

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በእርግጠኝነት የማውቀው አባባ በዚያ ሰሞን «ሠላሳ ሳይሞላሽ አግቢና ገላግይኝ» እያለ ይቀልድብኝ ስለነበር ነው። እኔ ደግሞ «አንተን ለማን ጥዬ?» እለዋለሁ። ታላቅ እህቴ ከጓሮ ሆና ትሰማንና «እኔ የሞትኩ መሰለሽ እንዴ» ትላለች። ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። እኔ እዚህ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ እህቴ ቤቱን፣ አባባንና ዶሮዎቹን ትይዛለች።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሰው ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሳሉን ይዞ ወጣ። ለሳሉ መድኃኒት ብሎ የሚያምነው ደግሞ ጥሬ እንቁላል ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ አናቱን በሚስማር ይበሳና፣ ጨው ጣል አድርጎበት፣ ቀና ብሎ ይመጠዋል። ሲጨርስ ጠብታ አለመቅረቱን እንድታይለት ቅርፊቱን ለእህቴ ገልብጦ ያሳያታል። ዶሮ ማርባት የጀመረችው ለዚህ ነው እንጂ ለገበያ አይደለም። የሱቅ እንቁላል ስንት ቀን እንደተቀመጠ አይታወቅም፣ አባቴ የዕለቱን ነው የሚበላው ብላ ነው።

መጀመሪያ አሥራ ሁለት ቄቦች ነበሩ። በወሩ በሽታ ገባባቸው። ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝማሉ፣ ነጭ ያስቀምጣቸዋል፣ ጠዋት ስንነሳ አንዷን ደርቃ እናገኛታለን። አምስቱ አለቁ። እህቴ አልቅሳ ቀፊራ ገበያ ሄደችና የዶሮ መኖ ለሚሸጥ ሰውዬ ነገረችው። እሱም ከትልቅ ከረጢት ቢጫ ዱቄት በማንኪያ ቀድቶ በፌስታል ቋጠረላት። ምንድነው ስትለው ቪታሚን ነው፣ ውሃቸው ውስጥ ጨምሪ አላት። ጨመረች። በአራተኛው ቀን የቀሩት ሰባቱ ቀና ቀና አሉ።

ስም ያወጣላቸው አባባ ነው፤ ከሞት ሲተርፉ። ሁሉንም በባቡር ጣቢያ ጠራቸው፤ ኤረር፣ አፍደም፣ መኢሶ፣ ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አንዷ ሳትጥል ስታረፍድ የእጅ ሰዓቱን ያይና «ኤረር ዛሬም ዘግይታለች። ሐዲዱ ላይ ግመል ገብቶ ይሆናል» ይላል። ሁሌ የምትዘገየው ኤረር ነበረች። የድሬ ሙቀት ሲጠና ዶሮዎቹ ከጓሮ ሸሽተው ሳሎን ይገባሉ። ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ስለሚል አባባ አልጋ ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው ይተኛሉ፣ ከኩባያው ውሃ ይጠጣሉ። ላባርራቸው ስለው «ተያቸው አቦ፣ ለማዳ ናቸው» ይለኛል። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ያለ ቪታሚን ውሃ አጠጥታቸው አታውቅም። ሰውዬው ለስንት ቀን እንደሚሰጥ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ቪታሚን ለስንት ቀን ነው ተብሎ ይጠየቃል? መለኪያዋ ዓይኗ ነው፤ ውሃው የቀጠነ ሻይ ሲመስል በቃ ትላለች። እህቴ ያላትን ለብቻዋ መያዝ አትችልበትም። ዶሮዬ ቆዘመችብኝ ያለች ጎረቤት ከመጣች ከራሷ ላይ ቀንሳ በፌስታል ቁራጭ ትቋጥርላታለች። በሰፈሩ ዱቄቱ የሷ ቪታሚን ተብሎ ታወቀ። እሷም በዚህ ደስ ይላት ነበር፣ አልዋሽም።

የራሴንም ልናገር። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፣ እናቴ ስትሞት። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሳሙና ካርቶን፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። የፈረንጁንም ፊደልና ቃል የለቀምኩት እንዲሁ ነው። ጽሑፍ ያለበት ነገር ቤታችን ገብቶ ሳላነበው አይጣልም። ያ ዱቄት ግን ፊደል ሳይኖረው በቋጠሮ ገባ። የሚነበብ ነገር ስላልነበረበት አላነበብኩትም፤ ከየት እንደተቀዳም አልጠየቅኩም። እንቁላሉን ግን በልቻለሁ፣ አስኳሉ እንዴት ደስ ይላል እያልኩ አሞግሻለሁ። እኔና እህቴ ጠብሰን ነበር የምንበላው። ጥሬውን የሚጠጣው እሱ ነው።

ግንቦት ላይ አባባን ሆዱን ቆረጠው። አስቀመጠው፣ ትኩሳትም ተከተለው። እህቴ ፋርማሲ ሄዳ የምታውቀውን ካፕሱል ገዝታ መጣች። በሦስተኛው ቀን ተሻለውና አልፈልግም አለ፤ እሷም የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ብላ ኮመዲኖ ውስጥ አስቀመጠችው። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰበት። ሰው በር ላይ ተቀምጦ ራሱን በካርቶን በሚያራግብበት በዚያ ሙቀት አባባ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወሰድነው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ጀመረለት። አምስት ቀን ተወጋ፣ ትኩሳቱ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። እህቴ እንዲበረታ ብላ በዚያም መሐል እንቁላሉን አላቋረጠችበትም።

ሆስፒታል ስናስገባው የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ነበረች። የሚሰጠውን መርፌ ከፍ ወዳለ ቀየረችና ደሙን ላብራቶሪ ላከች። ጀርሙን እዚያ አብቅለው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈትኑታል፣ ቀናት ይፈጃል አለችን። እህቴ «ይበቅላል?» ብላ ወደኔ ዞረች፣ እኔ የማውቅ ይመስል። አባባ ከአልጋው ላይ «ድሬ ላይ የሚበቅል ነገር ተገኘ በሉኛ» አለና ሳሉ ያዘው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሐኪሟ ወደ ኮሪደር አወጣችን። በደሙ ውስጥ የተገኘው ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ነው፣ ከእንስሳት በተለይም ከዶሮ ወደ ሰው ይመጣል አለችን። ቤት ውስጥ ዶሮ እንዳለ ጠየቀች። አሉ አልናት። ምን መድኃኒት እንደምንሰጣቸው ጠየቀች። እህቴ ደረቷን ነፋ አድርጋ መለሰችላት።

«መድኃኒትማ ሰጥቼያቸው አላውቅም። ቪታሚን ብቻ ነው።»

«በየስንት ጊዜው?»

«በየቀኑ ነዋ። አንድም ቀን አላጓደልኩባቸውም።»

ሐኪሟ አንገቷን ደፋ አደረገች። ቪታሚን የተባለውን አምጡና ልየው አለች። በባጃጅ ቤት ደርሼ ቋጠሮውን አመጣሁላት። ፈታችው፣ በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው። ከየት እንደተቀዳ ታውቃላችሁ? የሚነበብ ነገር ያስፈልገኛል አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያላነበብኩት ትዝ ያለኝ።

ቀፊራ ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፤ አባባ መታመሙን ስነግረው ከበርጩማው ተነስቶ «እግዚኦ፣ ማረኝ» አለ። ከረጢቱን አውጣልኝ ስለው አወጣልኝ። የዶሮና የላም ሥዕል አለበት። ፊደሎቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በትልቁ የተጻፈው ኦክሲቴትራሳይክሊን ይላል፤ የስሙን ጅራት ከካፕሱል ብልቃጥ ላይ አውቀዋለሁ፣ ቴትራሳይክሊን የሚባለው የሰው መድኃኒት ዘመድ ነው። ከታች በትንሹ ደግሞ ከቪታሚን ጋር ይላል። ለታመመ እንስሳ፣ ለጥቂት ቀን፣ በባለሙያ ትዕዛዝ ይላል። ለሰውዬው አነበብኩለት። «ቪታሚንም አለበት እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አለበት። ውሸታም ልለው አልቻልኩም።

ስመለስ ሐኪሟ ያነበብኩትን ሰማችና አስረዳችን። ዶሮዎቹ ያን መድኃኒት በየቀኑ ሲጠጡ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ጀርም ደካማው ይሞታል፣ የሚቋቋመው ይቀርና ይራባል። መቋቋሙንም ከአንዱ ጀርም ወደ ሌላው ያስተላልፋሉ፣ ለሌሎች መድኃኒቶች ጭምር። ከዚያ በእንቁላሉ፣ በኩሱ፣ በውሃው ሰው ጋ ይደርሳል። «ከእናንተ ዶሮ ለመምጣቱ መማል አልችልም» አለች። «የአባታችሁ ጀርም ግን መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል። የሰጠነው አንዱም አልነካውም።»

ተላምዷል። በየወረቀቱ ላይ ስንት ቃል አንብቤያለሁ፣ እንደዚያች የከበደችኝ የለችም። ለማዳ ናቸው፣ ተያቸው አቦ ይለኝ የነበረው መጣብኝ። አልጋው ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው የተኙት ዶሮዎች ታዩኝ። እህቴ መዳፎቿን ገልብጣ ስታያቸው ቆየች፣ አባባ ቅርፊቱን ገልብጦ እንደሚያሳያት።

ጀርሙን የሚገድል አንድ መድኃኒት ላብራቶሪው አግኝቶ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን አልቋል። ከተማውን ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞርኩ፣ የለም። በማግሥቱ ሐረር አለ ተባልኩና በሚኒባስ ሄድኩ፤ ሙቀት እንዳያበላሸው ብለው በበረዶ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ተጀመረለት። በነጋታው ትኩሳቱ በረድ አለ። አባባ ዓይኑን ገልጦ እህቴን ፈለጋት።

«ኤረር ገባች?» አላት።

«ገብታለች አባባ። በሰዓቷ።»

«ዋሸሽ» አላት። «ኤረር በሰዓቷ ገብታ አታውቅም።»

ሦስታችንም ሳቅን። ድኗል አልኩ በልቤ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ትኩሳቱ ብዙ ስለቆየ ኩላሊቱ ደክሟል ብላ ነበር፣ እኛ መስማት ስላልፈለግን እንጂ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ። ያረፈው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ድሬ ሙቀቱን ፈርቶ በሩን በሚዘጋበት ሰዓት፤ ኮሪደሩም ጭር ብሎ ነበር።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጆቻቸው አጠገብ ነው ያረፉት እያለ አጽናናን። እህቴ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች እንጂ አታለቅስም። በሰልስቱ ቀን ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችን መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ አባዮ ነው የምትላት፣ በነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። ላጽናናት ብላ እጇን ያዘቻት።

«አባዮ፣ ዶሮዎቼ እኮ ባንቺ ቪታሚን ነው የተረፉት። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት እንቁላላቸውን ሲበሉ እመርቅሻለሁ።»

እህቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሰው ሁሉ ለአባቷ መሰለው።

በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዱቄቱን ወደሰጠቻቸው ቤቶች አንድ በአንድ ሄደች። መጀመሪያ ከፊት ለፊት ሱቅ ገባች። የሰጠሽውን መልሰሽ ስትጠይቂ ማፈሩ ምን ያህል እንደሆነ የሰጠ ሰው ያውቀዋል፤ ተከትያት ስለነበር በየበሩ ፊቷ ሲቀላ አይቻለሁ። ቪታሚን አልነበረም፣ መድኃኒት ነው፣ ተሳስቼ ነው የሰጠኋችሁ ትላለች። እንቁላሉን ቀቅላችሁ ወይም በደንብ ጠብሳችሁ ብሉ፣ ለልጅ ጥሬ እንዳትሰጡ፣ ዶሮዎቹ ከታመሙ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ ትላለች። አንዲት ሴትዮ አውራ ዶሮዬ ገና አልዳነም፣ አልመልስም አለቻት። እህቴ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና አባባ እንዴት እንደሞተ ከመጀመሪያው ነገረቻት። መጨረሻ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ እንቁላሉን በሚስማር እየበሳች በገዛ እጇ ታጠጣው እንደነበርም ነገረቻት። ይህን እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ ገብታ ቋጠሮውን አመጣችላት።

ስምንት ቋጠሮ ሰበሰበች። የኛን ጨምራ ዘጠኝ አደረገችና ወስዳ ለእንስሳት ክሊኒኩ ባለሙያ አስረከበች። ከዚያ ቤት ተመልሳ የዶሮዎቹን መጠጫ በሳሙና አጠበችው፣ የቧንቧ ውሃ ሞላችበት፣ ከጓሮ ወደ ሳሎን የሚያስገባውንም በር ዘጋች።