ወደ ቻግኒ አልሄድም ያለው ፈረስ

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ በር ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ከበቡኝ። ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት ተደርድረው የስፔን ኳስ የሚያዩ ናቸው።

«ቲቸር፣ ስፓኒሽ ይችላሉ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ልጅነቴን እዚያ ጨርሼ ስመለስ ቋንቋውን እንደ ውኃ ጠጥቼው ነበር፤ ነገር ግን አገሬ ላይ የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ። ልብስ ሳጥብ ለራሴ ከማንጎራጎር በቀር ስፓኒሼ ሥራ ፈት ሆኖ ኖረ።

«እንግዲያው ያስተምሩን! ተጫዋቾቹ ምን እየተባባሉ እንደሚሰዳደቡ እንወቅ።»

ስድብ አላስተምርም አልኩና ክበብ አቋቋምን። እውነቱን ለመናገር ከእነሱ በላይ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።

አጀማመሬ ግን አያድርስ ነው። ሰሌዳውን በግሥ እርባታ ሞላሁት። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ... በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ልጅ ቀረ፤ ከመጡትም አንዱ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና እኔስ እንዴት ነበር የለመድኩት ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ድንች እየላጠች ቀኑን ሙሉ ታወራኝ ነበር። ገባኝ አልገባኝ ብላ አትጨነቅም። እኔም ወራት ሙሉ አፌን ዘግቼ ስሰማት ከረምኩና አንድ ቀን ሳላስበው መለስኩላት። ሴትዮዋ ድንቹን ጥላ አቀፈችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለልጆቹ እንዲህ አልኳቸው፤ «ደብተር ዝጉ። እኔ አወራለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ። ማንም እንዲናገር አይገደድም። አማርኛ ግን በዚህች ሰዓት ከእኔ አትሰሙም።»

ግምጃ ቤት ከምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ መጥታ እንጅባራ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዝም የምትል ልጅ ነበረች። ቤቷ የሚነገረው አውንጊ ነው። «ቲቸር፣ አማርኛንም እኮ ማንም አላስተማረኝም» አለች። «ገበያ ስመላለስ ነው ጆሮዬ የያዘው።»

በደስታ ዘልዬ ልስማት ነበር።

ሰሌዳው ላይ ፈረስ ሣልኩ፤ ውሻ መሰለ። ተሳሳቁ። ታሪኩን በስፓኒሽ ጀመርኩ። ፈረሱ እንጅባራ ይኖራል፤ ብርዱን ይወዳል። ባለቤቱ ግን ወደ ቻግኒ ሊወስደው ይፈልጋል። «ኤል ካባዮ ኖ ኪዬሬ!» አልኩ፤ ፈረሱ አይፈልግም! ለምን? «ፖርኬ ኣሴ ካሎ!» ሙቀት ነዋ! በነጠላዬ እያራገብኩ ላቤን ጠረግሁ፤ ወንበር እንደ ልጓም ጎተትኩ፤ መሬቱን በእግሬ ደበደብኩና እንደ ፈረስ አሽካካሁ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፈቱ። ቆፍጣና የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ያየ የለም።

«መምህርት፣ ምን ሆነው ነው?»

አማርኛ አልናገርም ብያለሁ። «ኤል ካባዮ ኖ ኪዬሬ» አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ርዕሰ መምህሩ እኔን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ሳል የመሰለ ነገር ሳሉና ኋላ ወንበር ላይ «ለጥቂት ደቂቃ» ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አልተነሡም። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ለመሆኑ ሄደ?» አሉኝ። ፈረሱን ነው!

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ አወራለሁ፤ ጆሯቸው ሲጠግብ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ስፓኒሽ እንደተጻፈ ስለሚነበብ ያለ ችግር ያነቡታል፤ የሰሙትን ነገር በዓይናቸው ሲያገኙት ደግሞ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ይጮሃሉ። ዝምተኛዋ ልጅ ግን ቀድማ እየሳቀች፣ ሁሉም እንደሚገባት እያየሁ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አላስገደድኳትም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሚኒባስ ይዘን ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ርዕሰ መምህሩም «ለቁጥጥር» ብለው አብረውን መጡ። ሐይቁ ዳር ቱሪስቶች ነበሩ። አንዲት ፈረንጅ ሴት ፎቶ ልትነሣ ፈረስ ላይ ወጥታለች፤ ባለፈረሱ ልጓሙን ይስባል፣ ፈረሱ ግን እንደ ድንጋይ ተገትሯል። ሴትዮዋ ለባሏ ጮክ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ስፓኒሽ ነበር። ደሜ ሞቀ፤ አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«ኤል ካባዮ ኖ ኪዬሬ።»

ዝምተኛዋ ናት። ራሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ይዛለች።

ሴትዮዋ ከኮርቻው ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ባለፈረሱ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ፈረሱ አልፈልግም እያለ ነው» አለው አንዱ ልጅ።

«እሱን ደግሞ ማን ጠየቀው?»

ሴትዮዋ ወርዳ «ለምን አይፈልግም?» አለቻቸው በስፓኒሽ። ልጆቹ የሚያውቁት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በአንድ ድምፅ «ፖርኬ ኣሴ ካሎ!» ብለው ጮኹ፤ ጉሙ ሐይቁን ሸፍኖት፣ ሁላችንም በብርድ እየተንቀጠቀጥን። ባልየው ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እንባውን እየጠረገ ዞር አለና «ቆይ ግን» አለኝ፤ «እነዚህ ልጆች ለምንድን ነው እንደ ኩባ ሰው የሚናገሩት?»

ለካ የ«ካሎር»ን መጨረሻ ውጠን እንደ ኩባዎች «ካሎ» የምንል እኛ ነን! የወጥ ቤቷ ሴትዮ አነጋገር በእኔ በኩል አዊ አገር ድረስ ደርሷል። ታሪኬን ስነግራቸው ቱሪስቷ ጉንጬን ሳመችኝ። ልጅቷ ግን አሁን የሚያስቆማት አልተገኘም፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ እናቷ ላሞች ታወራለች። ቃል ሲያጥራት በእጇ ትሠራዋለች፤ ስትሳሳት እንኳ አትደነግጥም። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ።

ስንለያይ ባልየው ከቦርሳው ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠን። ስለ አንድ ግድያ ምርመራ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክበባችን ጥቂት ጥቂት ገጽ እያለ አነበበው፤ ገሚሱን እኔ፣ ገሚሱን ልጅቷ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፤ ሌላው ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ወንበራቸው አልጠፉም። ከመጀመሪያው ገዳዩ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው ብለው ድርቅ አሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ገዳይዋ የሟች እህት ሆና ስትገኝ ከወንበራቸው ተነሡና፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል ስፓኒሽ ያልተናገሩት ሰውዬ፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ «ኖ! ኖ! ኖ!» ብለው ወጡ።