ከአልጋዬ ሥር የነበረው ቀዳዳ

ሰሞኑን ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የሚታደስ ሕንፃ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ በነፋስ ሲርገበገብ ሰምቼ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ተጠቅልዬ አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት አሳልፌአለሁና፣ ድምፁን ስሰማ እስከ ዛሬ ትንፋሼ ያጥረኛል።

አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበር። ቶሮንቶ መጥቶ ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጥም ልቡ ከውሃ አልወጣም ነበርና፣ በአንድ በጋ ሐይቁ ዳር የቆመች አሮጌ ጀልባ ገዝቶ፣ አፓርትመንቱን ለቀን እዚያ እንድንኖር ወሰነ። እማዬ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያለች ዕቃዋን ሸከፈች። በጋውን ግን አልዋሽም፣ ደስ ብሎን ነበር፤ እኔ እግሬን ውሃው ላይ አንጠልጥዬ ቁርሴን እበላ ነበር፣ እማዬም ገና መዳህ የጀመረውን ወንድሜን ቢኒን ወገቡን በነጠላ አስራ፣ ጫፉን ይዛ እየሳቀች ትከተለው ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ ጎረቤቶቻችን ጀልባዎቻቸውን በረዶና ነፋስ እንዳይገባቸው በነጭ ፕላስቲክ ይጠቀልሉ ጀመር፤ አባዬም የእኛን ጠቅልሎ አንዲት ባለ ዚፕ በር ብቻ ተወላት። ከዚያ በኋላ ሰማይ አላየንም። ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነበር፣ ጠዋቱም ከሰዓቱም አይለይም። «በቁማችን ገነዝከን እኮ» ትለው ነበር እማዬ። የኤሌክትሪክ ምድጃውና ማሞቂያው አብረው ከበሩ መብራቱ ድርግም ስለሚል፣ ሽሮ እስኪበስል ድረስ ካፖርት ለብሰን እንጠብቅ ነበር። በመጨረሻ መረራትና «ወይ የጋዝ ምድጃ ታስገባልኛለህ፣ ወይ ልጆቼን ይዤ እወርዳለሁ» አለችው።

አባዬ የጋዙን ሲሊንደር እንደ አገር ቤት ከምድጃው አጠገብ ሊያቆመው አስቦ ነበር። ጋዝ የመዘርጋት ፈቃድ ያለው የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ጋሽ ታደሰ ግን መጥቶ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ፕሮፔን የሚሉት ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቤት ቢሆን በበሩ ሥር ይወጣል፤ ጀልባ ግን ገበቴ ነው፣ የፈሰሰው ሁሉ ታች ይጠራቀማል። ከዚያ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች።»

ስለዚህ ሲሊንደሩን ውጭ፣ ከታቹ ወደ ሐይቁ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ አሰረው፤ ቱቦውን ዘርግቶ መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውሃ እየቀባ፣ አረፋ ይነሣ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ አየሩ ሲመረዝ የሚጮህ አላርምም ሰቀለ። በመጨረሻ ግድግዳውን ከነፕላስቲኩ ሁለት ቦታ ቀደደ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ልክ ከአልጋዬ ሥር።

«እንዴ ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ብርድ ቤቴን ይበሱታል? ልጆቼን ብርድ ይመታብኛል እኮ» አለች እማዬ።

«እሳቱም እንደ እናንተ ይተነፍሳል፣ እህቴ። ቬንቱ፣ ይሄ የአየር ቀዳዳ፣ ከተደፈነ የእናንተን አየር ነው የሚበላው።» ወደ እኔ ዞሮም «አንቺ ጎበዝ፣ በየቀኑ ቼክ አድርጊው፣ እሺ?» አለኝ።

«ኦኬ» አልኩት።

እኛ ቤት ብርድ ማለት እንደ ሌባ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ እማዬ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የአውቶቡስ መስኮት ታዘጋ ነበር። በጥር ያ ቀዳዳ እግሬን ማደንዘዝ ሲጀምር፣ የትምህርት ቤት የሱፍ ካልሲዎቼን ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ሞቀኝ። አባዬ «ቬንቱን ቼክ አደረግሽው?» ሲለኝ «የስ» እል ነበር።

አንድ ቀን በረዶው ከብዶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። አባዬ ሥራ ነበር፤ እማዬ ከጠዋት ጀምራ ቅቅል ጥዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሴን ያዞረኝ ጀመር። «ብርድ ነው የመታሽ» ብላ ጋቢ ደራረበችልኝ። ቢኒ ተኝቶ አልነቃም። አላርሙ ሲጮህ እማዬ ጋዙን ዘግታ፣ ቢኒን አንሥታ፣ እኔን እየጎተተች ወደ በሩ ሮጠች፤ ዚፑ ግን በረዶ ጠጥቶ ደርቋል። ጥፍሯ እስኪሰበር ጎተተችው። ከዚያ ተመልሳ የሽንኩርት ቢላዋዋን አመጣችና ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ነፋሱ ፊታችንን ገረፈው። ቢኒ አንገቱን ጥሎ ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ አለቀሰ። እማዬም አብራው አለቀሰች።

አባዬና ጋሽ ታደሰ ሲደርሱ እማዬ እኛን ጎረቤት ጀልባ አስቀምጣ ዕቃ ለማውጣት ቀድማ ገብታ ነበር። ጋሽ ታደሰ የላይኛውን ቀዳዳ በረዶ ሸፍኖት አገኘው፤ ከአልጋዬ ሥር ተሳቦ ሲገባ ግን የታችኛው ክፍት ነበር፣ ዙሪያው ላይ የሱፍ ክር ቀርቷል።

«ይሄን ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ።

«ልጄን ልትገድይው ነበር!» አለ አባዬ፣ በሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እማዬ አቀረቀረች። እኔ ከጎረቤት ጀልባ ተከትያቸው መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አፌ አልከፈት አለኝ። በማግስቱ ካልሲዎቼን ታጥበው፣ ተጣጥፈው፣ ልብሴ መሀል አገኘኋቸው።

በረዶው ሲቀልጥ ጀልባዋን ሸጠን ኖርዝ ዮርክ አፓርትመንት ገባን። አባዬ እስኪሞት ድረስ እማዬ ምድጃ በለኮሰች ቁጥር ተነሥቶ መስኮት ይከፍት ነበር። ታሪኩ የሰርግና የክርስትና ጨዋታ ሆኖ ቀረ፤ «ሐበሻ ከሞት ይልቅ ብርድ ይፈራል» እየተባለ ይሳቅባታል። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው እሑድም ቢኒ፣ ዛሬ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባው ቢኒ፣ እማዬ ቤት ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ «እማዬ እኮ ብርድ ፈርታ ኦልሞስት ልትገድለኝ ነበር፣ ስቶሪውን ንገሪያቸው» አላት። እሷም እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች «ምን ላድርግ፣ አላወቅኩም ነበር» አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ተነሥቼ ሻይ ቀዳሁላት። ያኔ በሩ ላይ አፌን ዘግቼ የቆምኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው። አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው።