የማይቆጠረው ጉድጓድ

ጨዋታ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ስንፍና ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ከዚህ እምነቴ ብዙ አልራቅሁም። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ አራዳ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጠዋት ተቀምጠው ለምሳ እንኳ የማይነሡ ጎልማሶች ነበሩ። መሬት ላይ ጉድጓድ በረድፍ ቆፍረው ጠጠር እያዞሩ ገበጣ ይጫወታሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ አገር ያቀና ይመስል ጋቢውን ያጣፋል። መጋዜን በትከሻዬ አድርጌ በአጠገባቸው ሳልፍ ሰላምታ አልሰጥም ነበር። ለሥራ ፈት ሰላምታ መስጠት ሥራ መፍታቱን መመረቅ ነው።

በቤቴ ግን ሕጌ አልጸናም። ሚስቴ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ከጎረቤት ሴት ጋር ትጫወት ነበር። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን ከቄስ ዘንድ ዳዊት ደግሜ፣ ሒሳቡን ማንም ሳያሳየኝ በዕቃ ሳጥን ላይ ከተጻፈ አኃዝ ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር። ሴት ልጄን ሳንቃ ላይ በከሰል አኃዝ ሳስጽፍ ዓይኗ ወደ ጓሮ ከሄደ፣ «በጠጠር የሚቆጥር ራሱም ጠጠር ነው» እላት ነበር።

እንግዲህ ይህ ሊቅ የሠራውን ስሙ።

ከወሎ የመጡ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ አራዳ ላይ ፎቅ ቤት አሠሩ። አናጢው አርመን ነበር፤ ደረጃውን ግን እኔ ለምኜ ወሰድሁ። እስከዚያ ቀን በርና አልጋ እንጂ ደረጃ ሠርቼ አላውቅም። ካማረልኝ አራዳ ውስጥ ለሚሠራው ፎቅ ሁሉ እጠራለሁ፤ ካላማረልኝ ዕድሜ ልኬን በርጩማ ስጠርብ እኖራለሁ።

ፎቁ ከመሬት አሥራ አምስት ስንዝር ነበር። አንዱ እርከን ከሌላው በአንድ ስንዝር ከፍ እንዲል አሰብሁ። መሬቱን አንድ፣ የመጀመሪያውን ሳንቃ ሁለት እያልሁ ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት ላይ ሳንቃው አበቃ፤ አሥራ አምስት ራሱ ፎቁ ነው። ስለዚህ አሥራ ሦስት ሳንቃ ቆረጥሁ፣ መታሁ፣ ቆሜም አደነቅሁት።

መጀመሪያ የወጡት የሐጂ እናት ነበሩ። አሥራ ሦስቱን ሳንቃ እንደ ልጃገረድ ወጡት። ከዚያ ወደ ፎቁ የሚያደርሰው የመጨረሻው እርምጃ የሁለት ስንዝር ከፍታ ሆኖ ጠበቃቸው፤ እግራቸው ተሰናክሎ በጉልበታቸው ወደቁ። በሩ ላይ ጣቃ ተሸክሞ የቆመ ኩሊ ይህን አይቶ፣ «እስከ አሥራ ሦስት የሰው ነው እማማ፤ ከዚያ በላይ የፍየል ነው» አለ። ሱቁ ሁሉ ሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። «አንተ አናጢ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። የዛሬ ስምንት ካልተቃና ነቅለህ ውሰድና ለማገዶ ፍለጠው። ሥራውን ለአርመኑ እሰጠዋለሁ» አሉኝ።

ከፍታው አሥራ አምስት፤ ቆጠራዬም አሥራ አምስት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስት ጊዜም ልክ ነበርሁ፤ ደረጃው ግን ልክ አልሆነም። አርመኑን እንዳልጠይቅ ኩራቴ ከለከለኝ። መሬቱ ሰጥሟል፣ እንጨቱ ተኮማትሯል እያልሁ አራት ቀን በሰበብ ጨረስሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጓሮ ውስጥ ኩርምት ብዬ ተቀመጥሁ። ጎረቤቲቱ ለቅሶ ሄዳ ሚስቴ ተጫዋች አጥታ ነበር።

«አንቱ፣ ከሚያኮርፉ እዚህ ይቀመጡና ይሸነፉ» አለችኝ።

«እኔ ልጅ ነኝ?»

«ልጅማ ቢሆኑ ይችሉት ነበር።»

ልጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በንዴት ተቀመጥሁ። ጨዋታው ከአንዱ ጉድጓድ ያነሡትን ጠጠር በተከታዮቹ ውስጥ አንድ አንድ እያሉ መጣል ነው። አራት ጠጠር አነሣሁ። ሊቅ ነኝና፣ ሳልጥል አስቀድሜ በጣቴ ቆጠርሁ፤ ያነሣሁበትን አንድ፣ ቀጣዩን ሁለት ብዬ አራተኛው ላይ ጣቴን አሳረፍሁ።

«እዚህ ያልቃል» አልሁ።

«አያልቅም፤ አንድ ያልፋል።»

«አራት ጠጠር፣ አራት ጉድጓድ!»

«የተነሡበትንም ይቆጥሩታል እንዴ? እሱማ ባዶ ነው፤ ከጎኑ ይጀምሩ። ከቤትዎ ሲወጡ ገና ደጃፍዎ ላይ ቆመው አንድ እርምጃ ሄድሁ ይላሉ?»

ጣልሁ። አራተኛው ጠጠር እሷ ካለችው ጉድጓድ ገባ። ልጄ ነጠላዋን ለቃ ሳቀች። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው ገበጣውን አልነበረም። መሬቱን አንድ ብዬ ነበር። መሬት ደግሞ የምነሣበት እንጂ የምወጣው አይደለም። ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ስምንት ቀን ብለን የምንቀጣጠር ሰዎች ነንና የቆምንበትን መቁጠር ከጡት ጋር የጠባነው ነው። በቀጠሮ ማንንም አይጎዳም። ደረጃ ላይ ግን አሮጊት ይጥላል።

ተነሥቼ ሄድሁ። «ፈሩ!» አለች ሚስቴ ከኋላዬ።

ሰንበት ነውና መጋዝ አልነካሁም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሳንቃዎቹን ከግራና ከቀኝ የሚሸከሙትን እንጨቶች እንደገና ቆርጬ አሥራ አራተኛውን ሳንቃ ጨመርሁ። ማክሰኞ የሐጂ እናት ግድግዳውን ይዘው፣ እያንዳንዱን ሳንቃ በእግራቸው እየፈተኑ ወጡ፤ ፎቁ ላይ ደርሰው መድረሳቸውን እንኳ አላወቁም።

«ማን አሳየህ?» አሉኝ ሐጂ።

«ማንም። ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ በአራዳ ብዙ ደረጃ ሠራሁ። ያን ማክሰኞ ቤት ስገባ ልጄም ማን እንዳሳየኝ ጠየቀችኝ፤ ለሐጂ ያልሁትን መለስሁላት። ሚስቴ ጠጠሮቹን በየጉድጓዱ እየመደበች ነበር። መስማትስ ሰምታኛለች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

«አንቱ፣ ከትናንት ወዲያ ትተውት የሄዱት ጨዋታ አላለቀም» አለች።

ተቀመጥሁ፤ ተሸነፍሁም። ያሳየችኝ እሷ እንደነበረች ግን በሕይወት ሳለች አልነገርኋትም። እነዚያ ሰላምታ የነፈግኋቸው ሥራ ፈቶች እንኳ ሲሸነፉ ጠጠሩን ለበላው ይሰጡ ነበር።